የቤት ስፕሪንክለር እንዴት ይፈተሻል?

እሳት ሲነሳ ውሃ እንድትረጭ ኮርኒስ ላይ የተሰካችውን ስፕሪንክለር ቀና ብሎ የሚያያት ሰው ጥቂት ነው። ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ዝም አለች ማለት ግን ደህና ናት ማለት አይደለም። ፍተሻው ደግሞ አያስቸግርም፤ የእጅ ባትሪ፣ መሰላል፣ ባልዲና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ፊልም ላይ እንደምናየው ሁሉም ባንዴ ውሃ አይለቁም። ጭስም አያስነሳቸውም። እያንዳንዷ ለብቻዋ፣ በሙቀት ነው የምትከፈተው። ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለች። ፈሳሹ ሲሞቅ ይለጠጥና ብልቃጧን ይሰብራል፤ ውሃው ይለቀቃል። ስንት ዲግሪ ላይ እንደምትሰበር ቀለሟ ይናገራል፦ ብርቱካናማ 57፣ ቀይ 68፣ ቢጫ 79፣ አረንጓዴ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ስለዚህ «ትሠራ እንደሆን ልያት» ብለው ላይተር እንዳያስጠጉ። ከሠራች ሳሎኑ ኩሬ ይሆናል፤ እሷም ከዚያ በኋላ አታገለግልም።

ፍተሻውን ለስፕሪንክለሮቹ ውሃ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ዋናው ቫልቭ ይጀምሩ። እሳት ተነስቶ ስፕሪንክለር ሳይሠራ ሲቀር፣ በብዛት ሰበቡ ውሃው ተዘግቶ መገኘቱ ነው። እኔ ቤት ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ዘግቶት ሄዶ፣ ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እጀታው አጭር ዘንግ ከሆነ፣ ከቧንቧው ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲተኛ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን ካቋረጠ ዝግ ነው። አጠገቡ ያለውን የውሃ ግፊት መለኪያ (ጌጅ) አንብበው ቁጥሩን ይጻፉ።

ቀጥሎ ባትሪዎን ይዘው ክፍል በክፍል ይዙሩ። ብልቃጧ ውስጥ ፈሳሽ አለ? ባዶ ከሆነች ስፕሪንክለሯ መቀየር አለባት። ዙሪያዋ ላይ የውሃ ጠብታ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ እየፈሰሰች ነው። አቧራና የሸረሪት ድር ካለ ሳይነኳት በአየር እፍ ያድርጉት።

ዋናው ጠላት ግን ቀለም ቀቢ ነው። ብልቃጥ ላይ ያረፈ ቀለም ሙቀቱ ቶሎ እንዳይገባ ያደርጋል። ፋቅ ፋቅ አድርጌ አነሳዋለሁ አይበሉ፤ የተቀባች ስፕሪንክለር አትጸዳም፣ ትቀየራለች። አንዳንዶቹ ደግሞ ከኮርኒሱ ጋር እኩል በሆነ ክብ ክዳን ይሸፈናሉ። ክዳኑ በሙቀት ቀድሞ መውደቅ አለበት። ጠርዙ ላይ ቀለም ወይም ማስቲሽ ከገባ ግን ተጣብቆ ይቀራል።

ቁም ሣጥን ላይ የተከመረ ካርቶንም ይዩ። ከስፕሪንክለሯ በታች ቢያንስ 45 ሳንቲሜትር ነፃ ይሁን፤ አለዚያ ውሃው አይበተንም። ልብስ ማንጠልጠያ ያደረጓትም አሉ!

አሁን የውሃ ሙከራ። አላርሙ ከጥበቃ ድርጅት ወይም ከእሳት አደጋ ጋር የተገናኘ ከሆነ አስቀድመው ይደውሉ፤ ለቤተሰብም ለጎረቤትም ይንገሩ። ከሲስተሙ መጨረሻ አካባቢ ያለውን የመሞከሪያ ቫልቭ ፈልገው፣ ውሃው ወደ ውጭ የማይወጣ ከሆነ ባልዲ ይደቅኑ። ቫልቩን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻ ይክፈቱ። መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ቢደፈርስ አይደንግጡ፣ ቧንቧ ውስጥ የተኛ ስለሆነ ነው። አላርሙ በ90 ሴኮንድ ውስጥ መጮህ አለበት። ውሃው እየቀጠነ ከሄደ ወይም ጌጁ በጣም ከወረደ ባለሙያ ይጥሩ። ታንከርና ፓምፕ ካለ፣ ታንከሩ ሙሉ መሆኑንና ፓምፑ ራሱ መነሳቱን እግረ መንገድዎን ያረጋግጡ። ሲጨርሱም ቀስ ብለው ይዝጉ፤ በድንገት ከተዘጋ ውሃው ቧንቧውን ይመታዋል።

ውርጭ ባለበት አካባቢ ለቅዝቃዜ የተጋለጠ ቧንቧ ካለ፣ የፀረ ውርጭ ፈሳሹን ቴክኒሺያን ይለካው።

በዓይን የሚታየውን በየወሩ፣ የውሃ ሙከራውን በዓመት ሁለቴ ያድርጉ። ቀኑንና የጌጁን ቁጥር ጽፈው ዋናው ቫልቭ አጠገብ ይለጥፉ። እዚያው እያሉም እጀታውን ደግመው ይዩት።