ሰፈሩን ለንጹህ አየርና ለተሻለ ትራንስፖርት እንዴት እናንቀሳቅሰው?

«የአየር ብክለት» ስትሉት ሰው እሺ እሺ ብሎ ያልፋል፣ «ልጅህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ምን እየማገ እንደሚገባ አይተሃል?» ስትሉት ግን ይቆማል። ስለዚህ ካምፔይኑን ከፖስተርና ከቲሸርት ሳይሆን ከአንድ መንገድ ጀምሩ፣ ሰው ሁሉ የሚማረርበት፣ መሻገሪያ የሌለው፣ መኪኖች ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙበት ቦታ መቼም አይጠፋም።

ቀጥሎ መለካት ነው። ፒኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ የሚለኩ ርካሽ ሴንሰሮች አሉ፣ ወላጆችና ተማሪዎች ራሳቸው ይያዙት፣ በእጁ የለካ ሰው ለጎረቤቱ ማስረዳቱን ከናንተ በላይ ይችልበታል። ግን እነዚህ ሴንሰሮች ጉምና እርጥበት ሲኖር ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት፣ ስለዚህ በአንድ ቀን ቁጥር አትጩሁ፣ ማብሰያ ጭስ አጠገብም አትስቀሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ብናኝ የሚመከር ገደብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ አውርዶታል፣ ይሄ ግን የዓመት አማካይ ነው፣ ከአንድ ጠዋት ንባብ ጋር ካምታታችሁት ተቃዋሚ እዛው ላይ ነው የሚይዛችሁ።

ለኔ ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ሰው ሃሳቡን ከመጠየቁ በፊት ለውጡን ይሞክረው። የስዊድኗ ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2006 መሀል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ ክፍያ ለ7 ወር ገደማ በሙከራ ስትጀምር አብዛኛው ነዋሪ አልወደደውም ነበር፣ ትራፊኩ 20 ፐርሰንት አካባቢ መቀነሱን በዓይኑ ካየ በኋላ ግን በዛው ዓመት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የከተማው ነዋሪ በጠባብ ልዩነት ደገፈው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እሁድ እሁድ ትልልቅ መንገዶቿን ለእግረኛና ለሳይክል ትለቃለች። እናንተ አንድ መንገድ ለግማሽ ቀን ማዘጋት ትችላላችሁ፣ ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አምቡላንስና አካል ጉዳተኛ የሚያልፍበትን አስቡ፣ ከዛ ልጆቹ ኳስ ይዘው ይወጣሉ፣ ሌላ ፕሮግራም ባይኖርም ችግር የለውም።

መንገዱን ከመዝጋታችሁ በፊት ባለሱቆችን አናግሩ እንጂ በዕለቱ አታስደንግጧቸው። «ደንበኛዬ በመኪና ነው የሚመጣው» ካሉ አትከራከሩ፣ አብራችሁ በር ላይ ቁሙና በእግር፣ በባስ፣ በመኪና የመጣውን ቁጠሩ። ባለመኪናውንም አትስደቡት በናታችሁ፣ የማታ ፈረቃ የሚሠራ ወይም የታመመ ሰው የሚያመላልስ ሊሆን ይችላል፣ «መኪናህን ተው» ሳይሆን «በሳምንት አንዱን ጉዞህን ቀይር» በሉት። ቤት ወይም ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ደግሞ ቶሎ ያዟቸው፣ ልማዳቸው ገና ስላልጸና ይሰማሉ።

ባስ ሳይመጣ ግን ባስ ተጠቀሙ ማለት ያናድዳል። ስለዚህ ከነዋሪው ጋር ሆናችሁ ከተማውን አንድ የተወሰነ ነገር ጠይቁ፣ የባስ መስመር፣ መሻገሪያ ወይም የእግረኛ መንገድ። የተሰጠውን መልስ፣ እምቢታም ቢሆን ከነምክንያቱ፣ ስብሰባ የጠራችሁበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በሳምንቱ ለጥፉ፣ ሃሳብ ሰጥቶ መልስ ያልሰማ ሰው ሁለተኛ ስትጠሩት አይመጣም።