እርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) በሚቀልጥበት ቦታ የሚሠራ ሰው የደም ቅባቱን እንዴት ይመርመር?

የኮሌስትሮል ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ በደሙ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠንም አብሮ ይለካ። ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ምግብ ሳይቀምሱ ቆይተው ይሂዱ፣ ውሃ ግን ይጠጡ፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባት ከምግብ በኋላ ይጨምራል።

ደሙ ከክንድ ደም ሥር ይቀዳ። ከጣት ጫፍ ከተወሰደ ቆዳ ላይ የቀረ ብናኝ ተቀላቅሎ የእርሳሱን ቁጥር ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል። ክንድዎንም አስቀድመው በሳሙና ይታጠቡ፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው።

እርሳሱ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ከደረሰ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ አጥንት የገባው ግን ለዓመታት ይቆያል።

የሚያጨሱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሲጋራ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት አለበት፣ ጥሩውን ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። የሥራ ቦታውን ወለል በደረቁ አይጥረጉ፣ ብናኙ ይነሳል፤ በእርጥብ ይወልውሉት።