የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ጥርት አድርጎ ለመስማት

ብዙ ሰው አጭር ሞገድ ያለው ሬዲዮ ገዝቶ ሲከፍተው ሹሹታ ብቻ ከሰማ «አይረባም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም። ወይ ቤት ውስጥ ያለ ቻርጀር እያወከው ነው፣ ወይ ባንዱ (ጣቢያዎች የሚሰባሰቡበት የሞገድ ክልል) እና ሰዓቱ አልተገናኙም፣ ወይ አንቴናው ቆርቆሮና ፌሮ ብረት መሐል ታፍኗል። ሥራውም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይሻላል። ከአንቴና የጀመረ ሰው አሥር ሜትር ሽቦ ዘርግቶ የጎረቤቱን አምፖል ጩኸት ይሰበስባል።

መጀመሪያ ሁከቱን ማጥፋት

ሬዲዮውን ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ድንጋይ ይክፈቱት፤ አዳፕተሩ ራሱ አንዱ ረባሽ ነው። ጣቢያ የማይሰማበት ቁጥር ላይ አቁመው ድምፁን ከፍ ያድርጉና የቤቱን ብሬከር ያውርዱ። ሹሹታው በአንዴ ዝቅ ካለ ችግሩ ከቤትዎ ነው። ብሬከሩን መልሰው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ያዳምጡ። በብዛት የሚገኙት ረባሾች ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የዋይፋይ አዳፕተር፣ ኢንቨርተርና የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ውስጣቸው ያለውን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚሠሩት። ከዚያ የሚወጣው ትርፍራፊ እስከ አጭር ሞገድ ድረስ ይዘልቃል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው የመብራት መስመር ደግሞ እንደ አንቴና ሆኖ ያሰራጨዋል። ቻርጀር ስልክ ባይኖርበትም ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ ሊረብሽ ይችላል።

የትኛው ዕቃ እንደሆነ ካልታወቀ የሬዲዮውን አንቴና አሳጥረው ወደየዕቃው ያስጠጉት። ጩኸቱ የሚበረታበት እሱ ነው። ብሬከሩ ወርዶም ለውጥ ከሌለ ረባሹ ከጎረቤት ወይም ከመንገዱ መስመር ነውና ከግድግዳና ከምሰሶ መራቅ ብቻ ነው መፍትሔው። ሰፈሩ በሙሉ መብራት የጠፋበት ምሽት ለአጭር ሞገድ አድማጭ ሠርጉ ነው።

ባንድና ሰዓት ማገናኘት

ጣቢያዎች «በ31 ሜትር ባንድ» ሲሉ የሞገዱን ርዝመት እየተናገሩ ነው። 300ን ለሜጋኸርዙ ማካፈል ነው፤ 9.6 ሜጋኸርዝ 31.25 ሜትር ይሆናል። ዋናዎቹ ባንዶች 49 ሜትር (ከ5.9 እስከ 6.2 ሜጋኸርዝ)፣ 41 ሜትር (ከ7.2 እስከ 7.45)፣ 31 ሜትር (ከ9.4 እስከ 9.9)፣ 25 ሜትር (ከ11.6 እስከ 12.1)፣ 19 ሜትር (ከ15.1 እስከ 15.8) እና 16 ሜትር (ከ17.48 እስከ 17.9) ናቸው።

ከሩቅ አገር የተላከ ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የአዮኖስፌር (ፀሐይ በኤሌክትሪክ የምትሞላው የላይኛው አየር) ንጣፍ ይመለሳል። ቀን ቀን ከዚያ በታች፣ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ፀሐይ የምትፈጥረው ሌላ ንጣፍ አለ፤ ይህ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ (የሜጋኸርዝ ቁጥሩ አነስ ያለውን) መንገድ ላይ ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ንጣፍ ይጠፋል፣ የላይኛውም ይሳሳል። ስለዚህ ማታ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ከሩቅ ይደርሳል፣ ከፍተኛው ግን ንጣፉን በስቶ ወደ ጠፈር ይሄዳል።

ይህ ለአድማጭ ምን ማለት ነው? የሩቅ ጣቢያ ሲፈልጉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት 19 እና 16 ሜትር ላይ፣ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ 25 እና 31 ላይ፣ ከዚያ በኋላ 31፣ 41 እና 49 ላይ ይጀምሩ። አገር ውስጥ ያለ ወይም የቅርብ ጎረቤት ጣቢያ ግን ቀንም ቢሆን በ41 እና በ49 ሊሰማ ይችላል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ ከአውሮፓ የሚመጣው ጥርት ብሎ እየተሰማ፣ በተመሳሳይ ባንድ ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያስተላልፈው ድምፁ የማይሰማበት ጊዜ ይኖራል። ወደ ላይ የወጣው ሞገድ ተመልሶ የሚያርፈው ርቆ ስለሆነ መሐል ያለውን አገር ይዘለዋል። ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ያስተላልፍ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ሕንድ ድረስ ላሉ አድማጮች ፕሮግራም የነበረው በዚሁ ዝላይ ነው።

የስርጭት ሰንጠረዥ የሚወጣው በዩቲሲ (UTC፣ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ነው። ከዩቲሲ 3 ሲቀንሱ የእኛን ሰዓት ያገኛሉ፤ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱ። 18:00 ዩቲሲ ሲቀነስ 15፣ እንደገና ሲቀነስ 3፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ሪያድና ኩዌት ላለ ሰው ስሌቱ አይለወጥም፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ጣቢያዎቹ በመጋቢትና በጥቅምት ገደማ (በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ) ፍሪኩዌንሲ ስለሚቀያይሩ፣ ትናንት የነበረ ጣቢያ በድንገት ከጠፋ ሬዲዮዎን ከመፍታትዎ በፊት ቀኑን ይዩ።

አንቴና

የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ ያግዳል፤ ብሎኬትና ኮንክሪት ቤት ደግሞ ፌሮው ይበላዋል። መስኮት ዳር ወይም በረንዳ ማውጣት ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ካልበቃ ሽቦ ነው።

የሚበቃው ከ7 እስከ 10 ሜትር ፕላስቲክ የለበሰ ተራ የመዳብ ሽቦ ነው። የ31 ሜትር ባንድ ሩብ 7 ሜትር ከ75 ስለሆነ ለማታ ማዳመጥ ጥሩ ልክ ነው። የሩቁን ጫፍ በናይሎን ሲባጎ ዛፍ ላይ ይሰሩት፤ ሽቦው ራሱ እርጥብ ቅርንጫፍ መንካት የለበትም። ዛፍ በንፋስ ስለሚወዛወዝ ትንሽ ይላላ፣ አለዚያ በመጀመሪያው ንፋስ ይበጠሳል። ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ከመብራት መስመር በላይም ሆነ በታች አይለፍ፣ ቢወድቅም የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ በዚህ ድርድር የለም። በመስኮት የገባውን ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ልጠው በሬዲዮው አንቴና ላይ ጠበቅ አድርገው ያስሩት።

አሁን ሬዲዮው ባልተጠበቀ ቦታ ሁሉ ያንኑ ጣቢያ ደጋግሞ ካሰማ፣ ወይም አጭር ሞገድ ላይ የኤፍኤም ሙዚቃ ከመጣ፣ ትንሹ ሬዲዮ ከአቅሙ በላይ ጎርሷል። ሽቦውን ሳይልጡ አንቴናው ላይ አምስት ዙር ብቻ ይጠምጥሙት፤ ያም ካልሠራ ያሳጥሩት። ነጎድጓድ በሩቁም ቢሆን ሲሰማ ሽቦውን ፈትተው በመስኮት ወደ ውጭ ይጣሉት።

ሬዲዮው በዘመድ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አዳፕተሩ ላይ 110 ቮልት ብቻ ከተጻፈ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። መካከለኛ ሞገዱም በ10 ኪሎኸርዝ እርምጃ ስለተሞላ ወደ 9 ካልቀየሩት የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን አልፎ አልፎ ይዘላቸዋል።

ሲዋዥቅና ሲታፈን

ድምፁ እየመጣ እየሄደ የሚዋዥቀው አንዱ ሞገድ በሁለት መንገድ ደርሶ ራሱን ስለሚያጠፋ ነው። አንቴና አያድነውም። ጣቢያዎች ያንኑ ፕሮግራም በሁለትና በሦስት ባንድ የሚልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነውና ወደ ሌላኛው ይሂዱ።

ማፈን፣ ማለትም አንድን ስርጭት ሆን ብሎ በጩኸት መሸፈን፣ ሌላ ጉዳይ ነው። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭትን ለማፈን አቅም እየተገነባ መሆኑን በይፋ ተናግረው ነበር። ከቤት ሁከት የሚለየው እንዲህ ነው፦ የቻርጀር ጩኸት በብዙ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይሰማል፣ ቀኑን ሙሉም ይኖራል፤ የማፈኛው ጩኸት አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከፕሮግራሙ ጋር ይጀምራል፣ ከፕሮግራሙ ጋር ያበቃል። ሬዲዮዎ በ1 ኪሎኸርዝ የሚራመድ ከሆነ ከጣቢያው 2 ወይም 3 ኪሎኸርዝ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱት፤ ብዙ ጊዜ አንደኛው ጎን ይሻላል። ማፈኛው ከተማ ውስጥ ያለ ከሆነ በምድር ላይ የሚሄደው ሞገዱ ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በኋላ ስለሚደክም፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አድማጭ ያንኑ ፕሮግራም በተሻለ ሁኔታ ሊሰማው ይችላል።