የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜን በሙሉ ስሜት እንዴት እንከታተል?

ብዙ ሰው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜን ማየት የሚጀምረው ደወል ሲደወል ነው። እስከዚያ ወሬ ይወራል፣ ስልክ ይነካካል፤ በመጨረሻዋ ዙር ቤቱ ሁሉ ብድግ ይላል። እኔ ግን 25ቱንም ዙር እዩ እላለሁ። ማን እንደደከመ፣ ማን ጉልበቱን እንደቆጠበ የተከታተለ ሰው በመጨረሻ የሚጮኸው ጩኸት ራሱ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። መርሐ ግብሩ የሚወጣው በአዘጋጁ ከተማ ሰዓት ነው። የ2028ቱን ኦሊምፒክ የምታስተናግደው ሎስ አንጀለስ በሐምሌ ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ እዚያ ሌሊቱ ሳይገፋ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚጀመር ሩጫ እዚህ በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ቀኑም አብሮ ይቀየራልና የቀን መቁጠሪያው ላይ አስተካክላችሁ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ሯጮቹን እወቁ። በኦሊምፒክ አንድ አገር በዚህ ርቀት የሚያሰልፈው ቢበዛ ሦስት አትሌት ነው። የኛን ሦስት ብቻ ሳይሆን የኬንያንና የኡጋንዳን ሯጮችም ስም ልጆች በወረቀት ይጻፉ፤ ተፎካካሪውን ያላወቀ የውድድሩን ክብደት አያውቀውም።

ቡናውን በተመለከተ፦ ቆሎው ከመነሻው በፊት ይቆላ፣ ጀበናውም ቀድሞ ይጣድ። ሩጫው ለወንዶች 27 ደቂቃ፣ ለሴቶች 30 ደቂቃ አካባቢ ስለሚወስድ አቦሉ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይቀዳል። ቡና የምታፈላዋ እህታችን የመጨረሻውን ዙር ከጓዳ ሆና መስማት የለባትም።

ሩጫው ሲጀመር የስልካችሁን ሰዓት መቁጠሪያ አስነሱና እያንዳንዱን ዙር ለኩ። በ65 ሰከንድ የሚሮጥ ዙር ወደ 27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ያደርሳል። 68 ወይም 70 ከሆነ ሩጫው ቀርፏል፤ ሁሉም ለመጨረሻው ፍጥነት ተጠባብቋል ማለት ነው። በፓሪስ 2024 ሰሎሞን ባረጋ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና በሪሁ አረጋዊ ገና ከጅምሩ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ያከረሩት ሌሎቹን ለማድከም ነበር። ኡጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ ቀደማቸው፤ በሪሁ በ0.30 ሰከንድ ተከትሎ ብሩን ወሰደ። ያን ፍልሚያ ከመጨረሻዋ ዙር ብቻ ያየ ሰው የልጆቹን ልፋት አላየም።

ዓይናችሁን ከፊት መሪው ላይ ብቻ አትትከሉ። አቴንስ 2004ን አስቡ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው ደጋግመው ወደ ኋላ ይዞሩ ነበር፤ በጉዳት ላይ ሆኖ የሚሮጠውን ኃይሌ ገብረሥላሴን ይጠብቁታል። አልደረሰም። ቀነኒሳ አፈትልኮ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ያቺ ወደ ኋላ የምትወረወር ዓይን ለኔ ከወርቁ እኩል ትከብዳለች። ታላቅን እንዲህ የሚያከብር ውድድር ሌላ ቦታ አላየሁም። ስለዚህ ማን ማንን እንደሚያይ፣ ማን በውስጥ መስመር እንደታፈነ፣ ማን ትከሻው እንደተወጠረ ተከታተሉ።

ደወሉ ሲደወል ምክር አያስፈልግም፤ ተነሱ። ምሩጽ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው ዓይነት ፍጥነት የሚወጣው እዚህ ነው። እስከ መስመሩ ድረስ ግን «አሸነፍን» አትበሉ፦ ሲድኒ 2000 ላይ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው።

ሩጫው ሲያበቃ ቴሌቪዥኑን አታጥፉ። ባርሴሎና 1992 ላይ ደራርቱ ቱሉ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ከኋላ ከኋላ ስትከተል ቆይታ በመጨረሻ ጥላት ሄደች። ከዚያም ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትና በአፓርታይድ ምክንያት ለዓመታት ከታገደች አገር የመጣችው ነጭ ሯጭ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያን ቀን ቶሎ ያጠፋ ሰው ትልቁ ነገር አመለጠው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የስታዲየም ቲኬት ባታገኙ ማራቶኑን አስቡ፤ የሚሮጠው በከተማ ጎዳና ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይቻላል። የሩጫው መስመር እንደታወቀ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ማልዳችሁ ያዙት፣ ሰንደቁን ከፍ አድርጉ፣ ሯጩንም በስሙ ጥሩት።