መጽሐፍ ከሚበሉት ብርማ ነፍሳት እንዴት እንደተገላገልኩ

አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ወለል ላይ ነው የምኖረው። የመጽሐፎቼ ጠርዝ እየተፋቀ ሳሳ። ሌሊት መብራት ሳበራ ብርማ፣ ዓሣ መሳይ ነገሮች ከመደርደሪያው ሥር ውልብ ይላሉ። ሲልቨርፊሽ ይባላሉ። ክንፍ የላቸውም፤ ዘራቸው ከዳይኖሰር ይቀድማል። የሚፈልጉት ወረቀቱና ሙጫው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው።

መጀመሪያ ፍሊት ነፋሁ። ሁለቴ። ጠፍተው ተመለሱ። ናፍታሊን ጣልኩ፤ ቤቱ የአያቴን ሳጥን ሸተተ እንጂ ለውጥ የለም።

አንድ ምሽት ግድግዳው ላይ እግሯ ቀጭን፣ ገላዋ ነጠብጣብ የሆነ ሸረሪት አየሁ። ቀስ ብላ ወደ አንዷ ሲልቨርፊሽ ተጠጋችና ተፋችባት! የሚያጣብቅ ፈሳሽ በዚግዛግ ረጭታ ከግድግዳው ጋር ሰፋቻት። ስኪቶደስ የሚባለው ወገን ናት፤ ዓይኗ 6 ነው፣ ሰው አትጎዳም። ለካ በፍሊቱ አዳኞቹንም ስጨርስ ነበር።

ሸረሪቷ ከመደርደሪያው ጥግ አትርቅም። መደርደሪያውን ሳነሳ ግድግዳው ርሷል፤ ከጀርባው የሻወር ቧንቧ ያንጠባጥባል። እነዚህ ነፍሳት ያለ እርጥበት አይመቻቸውም። ቧንቧው ተጠገነ፣ ግድግዳው ደረቀ፣ መደርደሪያውን አንድ ስንዝር አራቅኩት።

የቀሩትን በጠርሙስ ያዝኩ። የጃም ጠርሙስ ውጭውን በወረቀት ፕላስተር መጠቅለል፣ ውስጡ ቁራሽ ዳቦ መጣል። በፕላስተሩ ይወጣሉ፤ ከገቡ በኋላ መስታወቱ ያንሸራትታቸዋል። በመጀመሪያው ሌሊት 7 ገቡ። የተበሉትን መጽሐፎች፣ ውስጣቸው የቀሩት እንዲሞቱ፣ በፌስታል አስሬ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆየሁ።

ከወር በኋላ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ሸረሪቷ አሁንም አለች፤ ፍሊት ግን ቤቴ አይገባም።