አርማው ላይ ተተክሎ የቀረው ስልክ እንዴት ተነሳ

አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመበት ስልክ አለኝ። ባትሪው ደህና ነው፣ ስክሪኑም እንከን የለውም። ደህና ስልክ በሶፍትዌር ብቻ ሲሞት በጣም ያናድደኛል። ስለዚህ ሊኒየጅ ኦኤስ ልጫንበት አልኩ። በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሳያኖጅንሞድ የተባለው ቀደምት የአንድሮይድ ስሪት ሲዘጋ ከእሱ ኮድ የተነሳ ክፍት ምንጭ አንድሮይድ ነው።

ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ቡትሎደሩን፣ ከፈትኩ። (ይሄ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ፎቶዎቻችሁን አስቀድማችሁ ገልብጡ።) ሪከቨሪውን (ሲስተም የሚጫንበትንና የሚጸዳበትን ትንሽ ፕሮግራም) ጫንኩና የሊኒየጅን ፋይል በኤዲቢ ሳይድሎድ፣ ማለትም ከኮምፒውተር በኬብል፣ ላክሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ 47 በመቶ ደርሶ ቆመ። ደነገጥኩ። ግን ይሄ አንዳንዴ የሚያጋጥም ነው፤ ስልኩ ራሱ ስህተት ካላሳየ መጫኑ ተሳክቷል።

ዋናው ጣጣ የመጣው ስልኩን ሳስነሳ ነው። የሊኒየጅ አርማ ላይ ያለችው ክብ ቅስቱ ላይ ትመላለሳለች፣ ትመላለሳለች፣ ፈቀቅ የሚል ነገር የለም። የመጀመሪያው መነሳት ብዙ ጊዜ ከ15 ደቂቃ አያልፍም። እኔ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ሃሹን (ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚያሳየውን መለያ) አመሳከርኩ፤ ልክ ነው።

ለካ ችግሩ ዳታ ክፍሉ (የተጠቃሚው መረጃ የሚቀመጥበት) ላይ ነው። ቡትሎደሩ ሲከፈት ቢጸዳም፣ የድሮው ሲስተም ተመልሶ ሲነሳ እንደገና አመስጥሮታል። አዲሱ ሲስተም ያንን መክፈት አይችልም። እኔ ደግሞ ካሹን (ጊዜያዊ ፋይሎቹን) ብቻ ነበር ያጸዳሁት።

ሪከቨሪ ገባሁ። «ፋክተሪ ሪሴት»፣ ቀጥሎ «ፎርማት ዳታ»። ፋይሉን እንደገና ሳይድሎድ አድርጌ ሪቡት አልኩት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የቋንቋ መምረጫው ብቅ አለ! ወዲያው ሴቲንግ ገብቼ የደህንነት ማሻሻያውን ቀን አየሁ፤ ያለፈው ወር ነው።