ፊውዝ እየደጋገመ ሲቃጠል፦ በቅጥቅጥ አይሱዙ የውጭ መብራት ላይ ኮንታክት እንዴት እንደሚፈለግ

ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ ባሕር ዳር ሰው የሚያመላልሱት ቅጥቅጥ አይሱዙዎች ሻሲያቸውና ሞተራቸው ከፋብሪካ የመጣ፣ ቦዲያቸው ግን አገር ውስጥ በካሬ ብረት ተበይዶ በላሜራ የተሸፈነ በመሆኑ፣ የኤሌክትሪክ መስመራቸውም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። ከፋብሪካ የመጣው ሽቦ በቱቦ ተሸፍኖ በየቦታው የታሰረ ሲሆን፣ ለጎን፣ ለጣሪያ ጠርዝና ለኋላ መብራቶች የተዘረጋው ግን ብዙውን ጊዜ ቦዲው ከተበየደ በኋላ ሹል ጠርዝ ባለው ካሬ ብረት ውስጥ ተስቦ የገባ ነው። ስለዚህ የውጭ መብራት ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ቦዲው ላይ የተጨመረውን መስመር ነው።

በመጀመሪያ ችግሩ በእርግጥ ኮንታክት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ኮንታክት ወይም ሾርት የምንለው፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣው ሽቦ አምፖሉ ጋ ከመድረሱ በፊት የመኪናውን ብረት ሲነካ ነው፤ ያን ጊዜ ኃይሉን የሚገታ ነገር ስለሌለ ፊውዙ ወዲያውኑ ይበጠሳል። መብራቱ የሚፈዝ ከሆነ፣ ወይም ፍሬቻ ሲበራ የፓርኪንግ መብራቱ አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ፊውዙ ግን ደህና ከሆነ፣ ጉዳዩ ኮንታክት ሳይሆን የዛገ ወይም የላላ ማሳ፣ ማለትም የኔጋቲቩ መስመር ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ነው፤ የማሳውን ቡሎን ፈትቶ፣ ብረቱን እስኪያበራ ፈግፍጎ መልሶ ማሰር ይበቃል።

ፊውዙ የሚቃጠለው መብራት ስለበዛ ነው የሚለው ግምት በቀላል ሂሳብ ይፈተሻል። እነዚህ መኪናዎች በአብዛኛው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ዙሪያውን 12 ባለ 5 ዋት አምፖሎች ቢኖሩ ድምሩ 60 ዋት ነው፤ 60 ለ24 ሲካፈል 2.5 አምፒር ይሆናል። ቀዩ ፊውዝ 10 አምፒር የሚችል በመሆኑ፣ እሱ ከተበጠሰ ምክንያቱ የአምፖሉ ብዛት አይደለም።

እዚህ ላይ ከደረሰብኝ ተነሥቼ አጥብቄ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዓባይ በረሃ ወጥቼ ደጀንን እንዳለፍኩ መሽቶ ዝናብ ሲጥል የፓርኪንግ ፊውዝ ሦስት ጊዜ ተቃጠለብኝ፤ መለዋወጫ ስላለቀብኝም የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልዬ በፊውዙ ቦታ ሰካሁት። ሉማሜ ሳልደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ባትሪውን ፈትቼ ሳየው፣ ኮንታክት ያደረገው አንድ ሽቦ ብቻ ሆኖ ሳለ አብረውት የታሰሩት ሁሉ ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። በ10 አምፒር ፋንታ አረንጓዴውን ባለ 30 አምፒር መሰካትም ውጤቱ ያው ነው፤ ፊውዙ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነውና። ከኋላዬ ሰው ተሳፍሮ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል። ፊውዝ ካለቀ ከመብራት ውጪ ያለ፣ ለጊዜው የማያስፈልግ መስመር ላይ ካለ ተመሳሳይ መጠን መዋስ፣ እሱም ከተቃጠለ መኪናውን ማቆም ነው።

ቀጥሎ የትኛው መስመር እንደሆነ ይለያል፦ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከተቃጠለ የስቶፕ፣ ማርሽ ወደ ኋላ ሲገባ ብቻ ከሆነ የሪቨርስ፣ ፓርኪንግ ሲበራ ከሆነ የፓርኪንግ መስመር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ እኔም አንድ ሙሉ ቀን ያባከንኩበት ደረጃ ይመጣል። ቴስተሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መስመር ሲገናኝ ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ አድርጌ አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላውን ብረቱ ላይ ሳደርግ በየቦታው ይጮሃል፤ በጮኸበት ሁሉ ኮንታክት ያገኘሁ እየመሰለኝ ደህናውን ሽቦ ሳይቀር ፈታሁት። በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሥራዬን ቆመው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ አምፖሎቹን መቼ አወጣሃቸው?» አሉኝ። አላወጣኋቸውም ነበር። የአምፖል ክር ሲበራ ግሎ ኃይሉን በብዙ ይቋቋማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን መቋቋሙ ከዐሥር እጥፍ ባላነሰ ሊቀንስ ይችላል፣ በርካታ አምፖሎች ጎን ለጎን ሲገናኙ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ቴስተሩም ይህን ዝቅተኛ ቁጥር ከኮንታክት አይለየውም፣ ይጮሃል። ስለዚህ መጀመሪያ በዚያ መስመር ላይ ያሉት አምፖሎች በሙሉ ይውጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የታርጋ መብራቱ ነው።

ለፍለጋው ግን ከቴስተር ይልቅ በእጅ የሚሠራ የሙከራ መብራት እመርጣለሁ። ባለ 24 ቮልት 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ከነማቀፊያው ይወሰድና ከሁለት ረጃጅም ሽቦዎች ጋር ይያያዛል፤ የሽቦዎቹ ሌላ ጫፍ በእርግጥ በተበጠሰ ፊውዝ ሁለት እግሮች ላይ በሊድ ይበየዳል። ይህ በፊውዙ ቦታ ሲሰካ ኃይሉ በአምፖሉ በኩል ስለሚያልፍ፣ ኮንታክት ቢኖርም እንኳ ከ1 አምፒር ያነሰ ብቻ ይሄዳል፤ የሚቃጠል ፊውዝም ሆነ የሚቀልጥ ሽቦ አይኖርም። የውጭ አምፖሎቹ ወጥተው ፓርኪንግ ሲበራ የሙከራው መብራት ቦግ ካለ ኮንታክቱ አለ፤ ከጠፋ የለም። የዳሽቦርዱ መብራቶች በዚያው መስመር ላይ ከሆኑ ፈዘዝ ያለ ብርሃን ሊታይ ይችላል፣ ያ ሊያሳስብ አይገባም። አምፖሎቹ ሳይወጡ ከተሞከረ ግን የሙከራው መብራት ኮንታክት ሳይኖርም ደመቅ ብሎ ይበራልና ያሳስታል። አምፖል በማውጣት ላይ ሳሉ ድንገት ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ እዚያው አምፖል ወይም ማቀፊያው ውስጥ ነው።

የሙከራው መብራት እየበራ መስመሩን ግማሽ በግማሽ መለየት ይጀመራል። ከጋቢናው ኋላ የሻሲውና የቦዲው ሽቦ የሚገናኙበት ቦታ ሲላቀቅ መብራቱ ከጠፋ ጥፋቱ ቦዲው ላይ ነው፤ ካልጠፋ ወደ ፊት ነው። ከዚያ የግራው ጎን፣ የቀኙ ጎን፣ ጣሪያው እያሉ አንድ በአንድ መፍታት ነው።

የእኔ ኮንታክት የተገኘው ወደ ፖርቶመጋላው በሚያስወጣው የኋላ መሰላል ሥር ነበር። የገበያ ቀን የጤፍና የበርበሬ ጆንያ ሲወጣና ሲወርድ መሰላሉ ይነቃነቃል፤ የታሰረበት ቡሎንም ከላሜራው ጀርባ ያለውን ሽቦ ቀስ በቀስ በልቶታል። ምልክቱ ቀለሙ ላይ ያለ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ጥቁር ነጥብ ነበር፤ ሽቦውን ገልበጥ ሳደርገው ሁለት የመዳብ ክሮች ወጥተው ዙሪያቸው አረንጓዴ ዝገት ይዟል። እንዲህ ያለው ነጥብ በዓይን ካልታየ በሽቦው ላይ ጣትን እያሳለፉ መዳበስ ይሻላል።

አንዳንዱ ኮንታክት የሚታየው በኮረኮንች ላይ ወይም በክረምት ዝናብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሙከራው መብራት እንደበራ ረዳቱ መብራቱን እያየ ሌላው ሰው ሽቦውን ይነቅንቅ፣ መሰላሉን ይርገጥ፣ የኋላ መብራቶቹ ላይ ውሃ ይርጭ፤ ብልጭ ያለበት ቅጽበት ቦታውን ይናገራል።

ጥገናው የሚጀመረው የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈትቶ ነው። የተበላው ሽቦ ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ባለው ይተካ፣ መገናኛው በሊድ ይበየድ፣ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦም ይሸፈን። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለሉን አልወደውም፤ በዓባይ በረሃ ሙቀት ማጣበቂያው ላልቶ ይፈታል። ሽቦው ብረት የሚያቋርጥበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይግባለት፤ ቀለበት ካልተገኘ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ ለጊዜው ያገለግላል፣ ናፍጣና ዘይት በሚነካው ቦታ ግን ቶሎ ይበላል። ሽቦው ከቡሎኑ ርቆ በሌላ በኩል ቢታሰር ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ኔጋቲቩ ተመልሶ ሲታሰር አምፖሎቹ እንደወጡ የሙከራው መብራት መጥፋቱ ይረጋገጥ፤ ቀጥሎ አምፖሎቹን መልሶ አዲስ ባለ 10 አምፒር ፊውዝ መሰካት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ረዳቱ ፍሬን እየረገጠ መኪናውን አንድ ዙር ይዞሩታል፤ ከዚያ መሰላሉ ላይ ሰው ወጥቶ ወርዶ፣ ኮረኮንች ላይም ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ፣ ሰው ከመጫኑ በፊት የፊውዝ ሳጥኑ በእጅ ተነክቶ አለመጋሉ ይታይ።